አንድ ግድግዳ በብዙ እጅ
(ሥዕልን በኅብረት የመሣል ታሪክና ለቅሬያችን የሚሰጠው ትምህርት)



የመሰብሰቢያ አዳራሻችን ግድግዳ ባዶውን ከሚቀር የአካባቢያችን ወጣት ሠዓሊዎች በኅብረት ሥዕል ይሣሉበት የሚል ሐሳብ በመካከላችን መነሣቱ ይታወቃል። ሐሳቡን የደገፉ አሉ። «ለቅሶ በሚቀመጡበት ቤት ሥዕል ምን ያደርጋል?» ያሉም አሉ። «እሺ ይሣል፤ ግን ምን ይሣላል? ያን ሁሉ ልጅስ ማን ይመራዋል?» ብለው የጠየቁም አልጠፉም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ከነዚህ አንዱን ወገን ለመርታት አይደለም። ብዙ ሰዎች ተባብረው አንድ ግድግዳ የሣሉበት ታሪክ በአገራችንም በውጭ አገርም ስላለ፣ ከመወሰናችን በፊት ብናውቀው ይበጀናል በማለት ነው።

ሥዕል ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሸራ ላይ ሲሠራ ነው። ሰፊ ግድግዳ ግን እንደ ሰፊ ማሳ ነው፤ በደቦ ካልሆነ አይገፋም። ደቦ ደግሞ ሁላችንም እንደምናውቀው ሥርዓት አለው። የጠራ ባለቤት አለ፣ ፊት ሆኖ ትልሙን የሚይዝ አለ፣ ተከትሎ የሚያርም አለ። ትልሙን የሚይዝ ከሌለ አሥር ሰው ቢሰለፍም ማሳው መረጋገጫ ይሆናል እንጂ አይታረምም። በግድግዳ ሥዕልም ታሪክ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡት ጥያቄዎች ከዚህ አይርቁም፤ ይኸውም፦ ምን እንደሚሣል ማን ይወስናል? ሥራው በእጆች መካከል እንዴት ይከፋፈላል? ካለቀ በኋላስ ግድግዳው የማን ነው?

የጥንቱ ሥርዓት

በአገራችን የግድግዳ ሥዕል በብዛት የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ነው። በአማራ ክልል ውስጥ ብቻ የጣና ደሴቶችንና የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተሣለውን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን እንዳልጨረሰው ለመገመት አይቸግረውም። የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ የሚያውቁ አባላት ይኖራሉ። ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ተራ በተራ ተሰልፈው ቁልቁል ይመለከታሉ። እንዲህ ያለው ሥራ መወጣጫ የሚያቆም፣ ቀለም የሚደቁስ፣ ሙጫ የሚያፈላ፣ መስመር የሚያወጣ ሰው ሁሉ ይፈልጋል።

በጥንቱ ልማድ ሥራው የሚከፋፈለው እንደሚከተለው ነበር። የሠዓሊዎቹ አለቃ አስቀድሞ የሥዕሉን ንድፍ በመስመር ያወጣል። ደቀ መዛሙርቱ በመስመሩ ውስጥ ልብሱን፣ መደቡን፣ ጌጡን በየቀለሙ ይሞላሉ። በመጨረሻ አለቃው ተመልሶ ፊትንና ዐይንን፣ እጅንና ጣትን ይጨርሳል። ፊት የሥዕሉ ነፍስ ስለሆነ ለጀማሪ አይሰጥም ነበር። ጀማሪው ግን ቀለም እየደቆሰና ጨርቅ እየሞላ ዓመታት ሲያሳልፍ፣ የአለቃውን እጅ እያየ ይማራል። ስለዚህ ግድግዳው የሥራ ቦታም ትምህርት ቤትም ነበር ማለት ነው። ዛሬ ቡድን እንምራ ለሚል ሰው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ሁሉም ሰው ሁሉን አይሠራም፣ ነገር ግን ሥራ ፈትቶ የሚቆም አንድም ሰው አይኖርም።

ምን እንደሚሣል የሚወስነው ደግሞ ሠዓሊው ብቻ አልነበረም። የትኛው ታሪክ በየትኛው ግድግዳ እንደሚሆን በካህናቱ ዘንድ የታወቀ ሥርዓት ነበረው። ለምሳሌ ያህል በመቅደሱ በር ሳንቃዎች ላይ የመላእክት አለቆች ዘብ እንደቆሙ ሆነው ይሣላሉ። ወጪውን የቻለው ሰውም አይረሳም። በጣና ደቅ ደሴት ባለችው በናርጋ ሥላሴ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። እቴጌዪቱን እስከ ዛሬ እናውቃቸዋለን። የቀለሙን ዱቄት ሲደቁሱ የከረሙትን ልጆች ስም ግን ማንም አልጻፈልንም። ይህን ነገር ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ስለ ጥንቱ አሠራር ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ብዙው ሥዕል በቀጥታ በግንቡ ላይ ሳይሆን በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ፣ ጨርቁ በጭቃ በተመረገው ግድግዳ ላይ በሙጫ የሚለጠፍ ነበር። ይህ ለሠሪው ይመቻል። ሌላ ቦታ ተሥሎ ተጠቅልሎ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን የሚለጠፍ ነገር ይላጣል። እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር እስከ ጅቡቲ ይጓዝ የነበረው፣ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ደርሶ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ላይ አንሥቶ ወደ ፓሪስ ወሰደ። በምትኩ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ የቡድኑ ሠዓሊ አዲስ ቅጂ ሣለ። ያረጀ በአዲስ ተለወጠ መሆኑ ነው! ዋናዎቹ ሥዕሎች ዛሬም ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። እንግዲህ ግድግዳው የማን ነው የሚለው ጥያቄ የወሬ ማሟያ አይደለም። ባለቤቱ ዋጋውን ያላወቀው ሥዕል ሌላ ባለቤት ያገኛል።

ዘመናዊው ትምህርትና የአደባባይ ሥዕል

በ1950 ዓ.ም. ግድም አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲመሠርቱ የሠዓሊነት ነገር ሌላ መልክ ያዘ። አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የተወለዱ፣ በአሜሪካ አገር በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርታቸውን የተከታተሉ ሰው ነበሩ። በአዲሱ ትምህርት ተማሪው የአለቃውን መስመር የሚሞላ ሳይሆን የራሱን መስመር የሚያወጣ ሆነ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ በኅብረት ለመሥራት አዲስ ችግር አመጣ። ሁሉም አለቃ ከሆነ ጨርቁን ማን ይሞላል?

ለእኛ ለወሎዎች ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ሥራ አይረሳንም። በ1966 ዓ.ም. ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህ የወሎን ረሃብተኞች ጉዞ በትልቅ ሸራ ላይ ሣሉ። ይህ የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ግድግዳም አይደለም። ነገር ግን ሥዕል የሞተን ሰው መርሳት እንደማይፈቅድ ያሳያል። በዚያ ዘመን ስንቱ ቀባሪ አጥቶ እንደቀረ የሚያውቅ ቅሬ፣ «ሥዕል ለሐዘን ቤት ምን ያደርጋል?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ ላይ መልስ ሊያገኝ ይችላል።

በትልቅነቱ ወደ ግድግዳ ሥዕል የሚቀርበው የአንኮበሩ ተወላጅ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑት ባለቀለም መስታወቶች በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን ያሳያሉ። ንድፉ የአፈወርቅ ነው። መስታወቱን እየቆረጡ ያያያዙት ግን የፈረንሳይ አገር ባለሙያዎች ናቸው። የአለቃና የደቀ መዝሙር ሥርዓት ማለት ነው፤ ቦታው ብቻ ተለወጠ። ከሺህ ቁራጭ መስታወት አንድ ሐሳብ የሚነበበው መጀመሪያ በወረቀት ላይ ያለቀ ንድፍ ስለነበረ ነው።

በደርግ ዘመን ደግሞ አደባባዩ በትልልቅ ሥዕል ተሞላ። በአዲስ አበባ አብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስሎች ቆመው እንደነበር በዕድሜ የገፋን እናስታውሳለን። ሥራው ከላይ ታዝዞ የመጣ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የሌኒን ሐውልት ሲወርድ፣ ሥዕሎቹም አብረው ከአደባባዩ ጠፉ። ትእዛዝ ያቆመውን ትእዛዝ ያወርደዋል። ሕዝብ መክሮበት ያልሠራው ሥዕል የቀለሙ ዕድሜ ሳያልቅ የሐሳቡ ዕድሜ ያልቃል።

ከውጭ አገር የምንማረው

በዓለም ላይ የግድግዳ ሥዕልን እንደ ሜክሲኮ ያነገሠ አገር ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ዲዬጎ ሪቬራ፣ ሆሴ ክሌሜንቴ ኦሮስኮና ዴቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ የመንግሥት ሕንፃዎችን ግድግዳ በሕዝቡ ታሪክ ሞሉት። ሪቬራ ይጠቀምበት የነበረው ስልት ገና ባልደረቀ ልስን ላይ መሣል ነው። ቀለሙ ልስኑ ሳይደርቅ መግባት ስላለበት፣ ለሳኙ በየቀኑ የሚለስነው ሠዓሊው በዚያ ቀን የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ነው። ለሳኙ ቢያበዛ ልስኑ ይደርቃል፤ ቢያሳንስ ሠዓሊው ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ለሳኙ ተራ ሠራተኛ ሳይሆን የሥዕሉ ባልደረባ ነበር።

እኚሁ ሪቬራ እ.ኤ.አ. በ1933 በኒው ዮርክ በሮክፌለር ማእከል ሲሥሉ አንድ ነገር ደረሰ። በሥዕሉ ውስጥ የሌኒንን ፊት ጨመሩ። አሠሪዎቹ አውጣው አሉ፤ እሳቸው እምቢ አሉ። ክፍያቸው ተሰጥቷቸው ተሰናበቱ፤ ሥዕሉም በየካቲት 1934 (እ.ኤ.አ.) ከግድግዳው ላይ ተፈርፍሮ ተጣለ። በኋላ ሪቬራ ያንኑ ሥዕል በሜክሲኮ ከተማ እንደገና ሣሉት። ማን ልክ ነበር ማን ተሳሳተ የሚለውን ለሌላ እንተወው። ለእኛ የሚጠቅመው፣ በወረቀት ላይ ያልተስማሙበት ነገር በግድግዳ ላይ ሲመጣ የሚከፍለው ግድግዳው መሆኑን ማወቁ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ እዚያው አሜሪካ በቺካጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ከአሥር የሚበልጡ ጥቁር አሜሪካውያን ሠዓሊዎች፣ ዊልያም ዎከር የተባሉትን ሠዓሊ ጨምሮ፣ በድሆች ሰፈር በሚገኝ አንድ ያረጀ ሕንፃ ግድግዳ ላይ የወገኖቻቸውን ጀግኖች ሣሉ። «የክብር ግድግዳ» ተባለ። የሥራው አመራር ልብ የሚባል ነው። ሲልቪያ አበርናቲ የተባለች ሠዓሊት የግድግዳውን ጠቅላላ አከፋፈልና የቀለሙን ስምምነት ነደፈች። ከዚያ ሙዚቀኞች፣ ስፖርተኞች፣ ጸሐፊዎች፣ መሪዎች እየተባለ በየክፍሉ ተመድቦ፣ እያንዳንዱ ሠዓሊ የራሱን ክፍል ወሰደ። ከጎንደሩ ሥርዓት የሚለየው፣ እዚህ ጀማሪ የሚሞላው የአለቃ መስመር አለመኖሩ ነው። ሁሉም በክፍሉ አለቃ ነው፤ አንድ የሚያደርጋቸው ንድፉ ነው። የሰፈሩ ሰውም ግድግዳውን እንደራሱ አድርጎ ተቀበለው።

ታዲያ እዚያም ጠብ አልቀረም። ብዙም ሳይቆይ ከሠዓሊዎቹ የአንዱ ክፍል በነጭ ቀለም ተሸፍኖ በሌላ ሠዓሊ እጅ እንደገና ተሣለ። ነገሩ መካሰስ አመጣና ቡድኑ ተበተነ። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1971 በእሳት ተጎድቶ ኋላ ፈረሰ። ሥዕሉ ባይኖርም ምሳሌነቱ በብዙ ከተሞች ተከተለ። ነገር ግን የሰውን ሥራ ባለቤቱ ሳይስማማ መሸፈን ከማንኛውም ዝናብ ይልቅ ቡድንን እንደሚያፈርስ ከዚህ እንረዳለን። እርማት አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ማን እንደሚያርምና በምን ሥርዓት እንደሚያርም ብሩሽ ከመነሣቱ በፊት መታወቅ አለበት።

ሁለት እምነት በአንድ ግድግዳ

ወደ ራሳችን ስንመለስ ትልቁ ጥያቄ ይጠብቀናል። የከሚሴና የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑም አብሮ ይኖራል። ኦሮምኛ ተናጋሪው፣ አማርኛ ተናጋሪው፣ አርጎባው ይገናኛል። በቅሬያችን ድንኳን ሥር የሚቀመጠው ሁሉም ነው። በቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሥዕል የተለመደ ነው። በእስልምና ግን መስጊድም መቃብርም በሰውና በእንስሳ መልክ አይጌጥም፤ የሚያጌጠው በጽሕፈት፣ በሐረግና በማእዘናዊ ቅርጽ ነው። ታዲያ ሁለቱን የማያስከፋ ምን ሥዕል አለ?

መልስ የሚሆን ምሳሌ ከስደት አገር እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2001 በዋሽንግተን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ሁለት ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች ባንድነት አንድ ሥራ ሠሩ። አንዱ እስክንድር ቦጎስያን፣ ሁለተኛዋ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪያቸው የነበሩት ከበደች ተክለአብ ናቸው። ከበደች አገር ጥለው ሲሰደዱ በሶማሊያ ተይዘው አሥር ዓመት ገደማ በእስር የቆዩ ሴት ናቸው። መምህርና ተማሪ እኩል ሆነው የሠሩት ይህ ሥራ በአሉሚኒየም ተቀርጾ በድንጋይ ግድግዳ ላይ የተተከለ ሲሆን፣ ወደ 16 ሜትር የሚጠጋ ርዝመትና ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ከፍታ አለው። በውስጡ የክርስትናው፣ የእስልምናው፣ የቤተ እስራኤሉና የሌላውም ነባር እምነት ጌጥና ምልክት፣ የሙዚቃ መሣሪያው፣ የቤት ዕቃው ሁሉ ተሳስሮ ይታያል። አንዱን እምነት ከላይ ሌላውን ከታች አላደረጉም፤ እንደ ሐረግ አጠላለፏቸው እንጂ።

ሐረግ ያልኩት በምክንያት ነው። በግዕዝ ብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሣለውን ጌጥ ሐረግ እንለዋለን። በእጅ የተጻፉ የዓረብኛ መጻሕፍትም በአበባና በቅጠል መጠላለፍ፣ በማእዘን ቅርጽ ያጌጣሉ። በባቲ ገበያና በሰንበቴ ገበያ የሚሸጠውን የስፌት ሥራ ያየም፣ በሰፌዱና በመሶቡ ላይ የዚሁ ዘመድ የሆነ ጌጥ ያገኛል። የእናቶቻችን እጅ የሠራውን ጌጥ የሙስሊም ነው የክርስቲያን ነው ብሎ የለየው የለም። ስለዚህ የጋራ ቋንቋ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገንም፤ በየቤታችን ተሰቅሏል። የጨፋ ሣር፣ የቦርከና ወንዝ፣ ያገራችን ተራራና ዛፍ ቢጨመርበት ማንንም የሚያስቀይም አይመስለኝም።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በከሚሴና በአካባቢው ያለፈውን ግጭትና ጦርነት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዘርዝሬ ቁስል አልነካም። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ የሚያለቅስበት ቤት ዋጋው ጨምሯል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። የወሎ አዳራሽ ማንንም የማይጠየፍ መሆን አለበት፤ ግድግዳውም እንደዚያው።

ሥራው ቢወሰን እንዴት ይመራ?

ከላይ ከተነገረው ታሪክ ለቡድኑ መሪ የሚሆኑ ጥቂት ነጥቦችን ላውጣ።

አንደኛ፣ ንድፉ በወረቀት ላይ ይለቅ። ለአባላት ስብሰባ ይቅረብ፤ ሼሆቹም ቄሶቹም፣ በተለይም እናቶች ይዩት። ቅር የሚለው ሰው ያኔ ይናገር። ወረቀት ቢቀደድ አይከፋም። ከጸደቀ በኋላ ግን መሪውም ቢሆን ለብቻው የሚጨምረው ነገር አይኑር።

ሁለተኛ፣ ግድግዳው ይዘጋጅ። እርጥበት የሚስብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል። መጀመሪያ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ይጠገን፣ የተሰነጠቀው ይደፈን፣ ልስኑ በደንብ ይድረቅ። ይህን የሚሠራው ግንበኛም እንደ ሪቬራ ለሳኝ ከቡድኑ ይቆጠር።

ሦስተኛ፣ ንድፉ በካሬ ይጉላ። በወረቀቱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነች ካሬ በግድግዳው ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ብትሆን፣ ሥዕሉ አሥር እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። እያንዳንዱ ልጅ የካሬውን ቁጥር ይዞ መስመሩን በከሰል ያወጣል። ጀማሪውም ሳይሳሳት የሚሳተፍበት መንገድ ይህ ነው።

አራተኛ፣ ቀለም በአንድ ሰው እጅ ይበጥበጥ። ሁለት ሰው ለየብቻው የበጠበጠው አረንጓዴ አንድ አይሆንም። የሚበቃው ያህል ባንድ ጊዜ ተበጥብጦ በክዳን ይቀመጥ።

አምስተኛ፣ መሪው ብሩሹን አስቀምጦ በየጊዜው ወደ ኋላ ይራቅ። ግድግዳውን የሚሥሉት ልጆች በክንድ ርቀት ላይ ስለሆኑ ጠቅላላውን አያዩትም። ከአዳራሹ ጫፍ ቆሞ «ያ ጥግ ከበደ፤ ይኸኛው ሳሳ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። የመሪ ዋና ሥራ መሣል ሳይሆን ማየት ነው። ሲያርምም ሰው ፊት አያዋርድ፤ ሠሪውን ጠርቶ ራሱ እንዲያስተካክል ያድርግ እንጂ ቀለም ደፍቶ አይሸፍንበት።

ስድስተኛና የመጨረሻው የስም ነገር ነው። ቅሬያችን መዝገብ አለው። ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደተቀበረ፣ ድንኳን በመትከል ማን ተራ እንደደረሰው ሁሉ ይጻፋል። እኛ ዘንድ ሰው ስሙ ሳይጠራ አፈር አይለብስም። የጎንደር ቀለም ደቋሾች ያላገኙትን ለልጆቻችን መስጠት አያቅተንም። ከግድግዳው ግርጌ በአንድ ጥግ፣ ንድፉን ያወጣው፣ መስመሩን ያሰመረው፣ ቀለሙን የሞላው፣ ግድግዳውን የለሰነው፣ መወጣጫውን የያዘው፣ ምሳ ያቀበለችው ሳትቀር የሁሉም ስም በአንድ መጠን ፊደል ይጻፍ። ዓመተ ምሕረቱም ይጻፍ። ኋላ የሚመጣው ለቀስተኛ ቀና ብሎ ሲያነበው፣ ይህን ግድግዳ እነማን እንደሠሩት ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል።